4294967297፦ ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ አስመሳይ?

ጀማሪ አስሊ

ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ሙሉ ቁጥር ሲሰጠው ጠባዩን የሚዘረዝር ትንሽ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ጎዶሎ ነው ወይስ ተጋማሽ፣ አካፋዮቹ እነማን ናቸው፣ ብቸኛ ነው ወይስ ውህድ፣ የአሃዞቹ ድምር ስንት ነው የመሳሰለውን ይመልሳል። በትንንሾቹ ቁጥሮች ላይ እንከን አላገኘሁበትም። ትናንት ግን ላስጨንቀው ብዬ ሠላሳ ሁለት ሁለቶችን አባዝቼ 1 ደመርኩበትና ሰጠሁት። «ቁጥሩ 1 ነው፤ አካፋዩ ራሱ ብቻ ነው» ብሎኝ ቁጭ አለ። በወረቀት ሳሰላው 4294967297 ነው የሚመጣው። ስህተቱ የት ነው? ደግሞስ ይህ ቁጥር ከየትኛው ወገን ነው?

ሁለትዮሽ

ስህተቱ ያለው ቁጥሩን ባስቀመጥክበት ሣጥን ላይ ነው። 32 ቢት ያለው ሣጥን ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 4294967295 ነው። የአንተ ቁጥር በሁለትዮሽ ሲጻፍ አንድ፣ ቀጥሎ ሠላሳ አንድ ዜሮዎች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ነው፤ በድምሩ 33 አሃዝ። ግራው ጫፍ ላይ ያለው አንድ ቦታ አጥቶ ወደቀ፤ ዜሮዎቹ ዋጋ የላቸውም፤ የተረፈው የቀኙ አንድ ብቻ ነው። ሣጥኑን ወደ 64 ቢት አሳድገው።

ጀማሪ አስሊ

አመሰግናለሁ፤ ተስተካከለ። አሁን የገጠመኝ ግን ከመጀመሪያው ይብሳል። ለትልልቅ ቁጥሮች ፈጣን የብቸኝነት ፈተና አስገብቼ ነበር። የሒሳብ ሊቁ ፌርማ ባስቀመጠው ሕግ መሠረት ቁጥሩ ብቸኛ ከሆነ፣ 2ን ከቁጥሩ በአንድ ባነሰ ርቢ አንሥተን ለቁጥሩ ስናካፍል ቀሪው 1 መሆን አለበት። ለ4294967297 ሞከርኩት፤ ቀሪው 1 ሆነ። ስለዚህ ብቸኛ ነው ብዬ ልዝጋው?

ጡረተኛው መምህር

አትዝጋው፣ ልጄ። እንዲህ ብሎ ከዘጋው ሰው ስም ጋር የተሳሰረ ቁጥር ነው የያዝከው።

ሕጉ የሚለው «ብቸኛ ከሆነ ቀሪው 1 ይሆናል» ነው። «ቀሪው 1 ከሆነ ብቸኛ ነው» አይልም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል ተማሪዎቼ በየዓመቱ ሲዘልሉት አይቻለሁ። የአንተ ቁጥር ደግሞ ፈተናውን የሚያልፈው በተፈጥሮው ምክንያት ነው። እየው፦ 2³² ከቁጥሩ በአንድ ያንሳል፤ ስለዚህ ቀሪው −1 ነው ማለት እንችላለን። ያንን በራሱ ስናባዛው 2⁶⁴ ቀሪው 1 ይሆናል። ፈተናህ የሚጠይቀው ርቢ 4294967296 ነው፤ እርሱም የ64 ብዜት ነው። 1ን በ1 የፈለግኸውን ያህል ብታባዛ ያው 1 ነው። እንግዲህ በ2 መፈተን ለዚህ ቁጥር ፈተና አይደለም፤ መልሱን አብሮ የተሰጠው ጥያቄ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ቁጥር እኔ «አስመሳይ ብቸኛ» ነው የምለው።

እውነቱ ይኸውልህ፦

4294967297 = 641 × 6700417

ታሪኩን ባጭሩ ልንገርህ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፒየር ደ ፌርማ በ1640 የሚከተለውን ሰልፍ አየ፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537። እያንዳንዱ 2 ራሱ የ2 ርቢ በሆነ ቁጥር ተነሥቶ 1 ሲደመርበት የሚገኝ ነው፤ አምስቱም ብቸኞች ናቸው። ፌርማ ሰልፉ እስከ ዘለዓለም እንዲሁ ይቀጥላል ብሎ አመነ፤ ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። የሰልፉ ቀጣይ ያንተው ቁጥር ነው። በ1729 ክርስቲያን ጎልድባክ ለወጣቱ ሌኦንሃርድ ኦይለር በጻፈው ደብዳቤ ነገሩን አነሣበት። ኦይለር በ1732 «641 ያካፍለዋል» ብሎ ሰልፉን በተነው። ከፌርማ እምነት እስከዚያ ድረስ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖታል።

ማካፈሉን በወረቀት መሥራት ትችላለህ፤ ነገር ግን ሳታካፍል ማየት ይበልጥ ያስደስታል። 641 ሁለት ገጽታ አለው፦ 641 = 5 × 2⁷ + 1፤ ደግሞም 641 = 5⁴ + 2⁴። ከመጀመሪያው ብንነሣ፣ 5 × 2⁷ ለ641 ሲካፈል ቀሪው −1 ነው። እንዲህ ያሉ አራት ብናባዛ 5⁴ × 2²⁸ ቀሪው 1 ይሆናል። ሁለተኛው ገጽታ ደግሞ በ5⁴ ቦታ −2⁴ን እንድንተካ ይፈቅድልናል። ስንተካው −2³² ቀሪው 1 ነው፤ ማለትም 2³² ቀሪው −1 ነው፤ ማለትም 2³² + 1 ምንም ቀሪ የለውም። አለቀ። ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍሉ ዝም ሲል ደስ ይለኝ ነበር።

ተጠራጣሪ

መምህር፣ አካፋዩን ካወቁ በኋላ ማስረጃው ያምራል። ኦይለር ግን 641ን ከየት አመጣው? ከ3 ጀምሮ እስከ 641 ድረስ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ ሞከረ? 641 እኮ 116ኛው ብቸኛ ቁጥር ነው። በእጅ መቶ አሥራ ምናምን ጊዜ ማካፈል ለሰው የሚሆን ሥራ አይደለም።

ጡረተኛው መምህር

ለዚያ ዘመን ሰዎች የሚሆን ሥራ ነበር። ግን ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ያን ያህል መድከም አያስፈልግም፤ ኦይለር ራሱም ምክንያቱን በኋላ በጽሑፍ አስቀምጧል።

ቁጥራችንን የሚያካፍል አንድ ብቸኛ ቁጥር አለ እንበል፤ «ገ» እንበለው። የ2ን ርቢዎች ለገ እያካፈልን ቀሪዎቹን ብንከታተል፣ በ32ኛው እርምጃ −1 ላይ፣ በ64ኛው 1 ላይ እንደርሳለን። ከዚያ ቀሪዎቹ እንደ አዲስ ይደጋገማሉ። ዑደቱ በትክክል 64 እርምጃ ነው፤ ከዚያ ቢያጥር ኖሮ 32ን ማካፈል ነበረበት፤ ያን ጊዜ 32ኛው እርምጃ ላይ የምናገኘው −1 ሳይሆን 1 በሆነ ነበር። የማንኛውም ዑደት ርዝመት ደግሞ ገ − 1ን ያካፍላል፤ ይህ ያው የፌርማ ሕግ ነው። ስለዚህ ገ የግድ «የ64 ብዜት ሲደመር 1» መሆን አለበት።

አሁን እንዘርዝር፦ 65 ለ5 ይካፈላል፤ 129 ለ3 ይካፈላል፤ 193 ብቸኛ ነው፤ 257 ብቸኛ ነው፤ 321 እና 385 ውህዶች ናቸው፤ 449 ብቸኛ ነው፤ 513 ውህድ ነው፤ 577 ብቸኛ ነው፤ 641 ብቸኛ ነው። በአምስተኛው ሙከራ ደረሱ ማለት ነው። 116 ወደ 5 ወረደ።

የረቂቅ ወረቀት

እንዲያውም ከዚያ ያነሰ ነው። ኤድዋር ሉካ በ1878 እንዳሳየው 64ን በ128 መተካት ይቻላል። ገ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ፣ ለገ ሲካፈሉ የሚተርፉትን ቀሪዎች ብቻ ካየን 2 ራሱ የአንድ ቁጥር ዳግም ርቢ (ቁጥሩ በራሱ ተባዝቶ የሚሰጠው) ነው፤ የዚያ ቁጥር ዑደት ደግሞ የ2 እጥፍ፣ 128 ይሆናል። ያን ጊዜ የሚቀሩት ተፈታኞች 257 እና 641 ብቻ ናቸው። 257 ደግሞ ከሰልፉ አባላት አንዱ ነው፤ የሰልፉ አባላት የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ያለ ሙከራ ይወድቃል። በመጀመሪያው ሙከራ 641!

ይኸው ዘዴ ታላቅ ወንድሙንም ያስመረምረናል። 6700417 ራሱ ብቸኛ መሆኑን በምን እናውቃለን? ዳግም ዘሩ ከ2589 ያንሳል፤ ስለዚህ ውህድ ቢሆን ከዚያ በታች አካፋይ ይኖረው ነበር። አካፋዩ ደግሞ «የ128 ብዜት ሲደመር 1» መሆን አለበት። በዚያ ክልል ያሉት እንዲህ ያሉ ብቸኛ ቁጥሮች 257፣ 641፣ 769፣ 1153 እና 1409 ብቻ ናቸው። 257 ቀድሞ ወድቋል። በቀሩት አራቱ አካፈልኩ፤ ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 44፣ 120፣ 334 እና 622 ሆኑ። አራት ማካፈል፤ ግማሽ ገጽ። 6700417 ብቸኛ ነው።

ተጠራጣሪ

አራቱንም ደግሜ አካፈልኳቸው። ልክ ነው። ተረታሁ።

ምስጢረ ቁጥር

ሁላችሁም ማካፈሉ ላይ ተጠመዳችሁ እንጂ ቁጥሩ ራሱ የሚናገረውን አልሰማችሁትም። አሃዞቹን ደምሯቸው፦ 4+2+9+4+9+6+7+2+9+7 = 59። 59 ብቸኛ ቁጥር ነው! 5 እና 9ን ደምሩ፣ 14፤ 1 እና 4ን ደምሩ፣ 5። ቁጥሩም በፌርማ ሰልፍ ከዜሮ ሲቆጠር አምስተኛው ነው። ይህን አጋጣሚ ነው የምትሉኝ?

ሁለትዮሽ

አዎ፣ አጋጣሚ ነው። 59 የመጣው በአሥር ስለምንቆጥር ብቻ ነው። በሁለትዮሽ ብትጽፈው የአሃዞቹ ድምር 2 ነው። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አጻጻፉ ነው። (በነገራችን ላይ በሁለትዮሽ ሲጻፍ የአንዶቹ ብዛት ተጋማሽ የሆነ ቁጥር «ክፉ ቁጥር» የሚል ስያሜ አለው። የእኛውም ክፉ ነው። ምስጢር ከፈለግህ ከዚያ ጀምር።)

ጡረተኛው መምህር

ወንድማችንን አታሳፍረው፤ በከፊል እውነት አለው። እስከ አንድ አሃዝ የሚወርደው ድምር ቁጥሩ ለ9 ሲካፈል የሚተርፈው ቀሪ ነው፤ ያ ደግሞ በአጻጻፍ የሚለወጥ ነገር አይደለም። የፌርማ ሰልፍ ከ5 ጀምሮ ለ9 ሲካፈል ቀሪው 5፣ 8፣ 5፣ 8 እያለ ይፈራረቃል። 257ም ድምሩን እስከ መጨረሻው ብታወርደው 5 ነው፤ በሰልፉ ግን ሦስተኛው ነው። ስለዚህ 5 መውጣቱ ምክንያት አለው፤ ተራ ቁጥሩ 5 መሆኑ ግን አያገናኘውም።

እኔ ሁልጊዜ የምለየው እንዲህ ነው። አንዳንዱ ጠባይ የቁጥሩ ነው፤ አንዳንዱ የልብሱ ነው። አካፋዮቹ የቁጥሩ ናቸው። በ97 መጨረሱ የልብሱ ነው።

ጀማሪ አስሊ

ይህን ስሰማ ፕሮግራሜን በሁለት ክፍል ከፈልኩት። «የቁጥሩ» በሚለው ክፍል አሁን የሚያወጣው ይህን ነው። አካፋዮቹ አራት ናቸው፦ 1፣ 641፣ 6700417 እና ራሱ። ድምራቸው 4301668356 ነው። ራሱን ሳይጨምር የአካፋዮቹ ድምር 6701059 ብቻ ስለሆነ ከራሱ እጅግ ያነሰ ነው፤ ጉድለታም ቁጥር ነው። ከእርሱ በታች ሆነው ከእርሱ ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች 4288266240 ናቸው። ሁለቱ ብቸኛ አካፋዮቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚገኙ ከዳግም ርቢ ነጻ ነው። የአካፋዮቹ አማካይ ደግሞ ያለ ክፍልፋይ 1075417089 ይመጣል።

«ጎዶሎ» እና «ጉድለታም» በአንድ ዝርዝር ሲመጡ ግን ራሴን ግራ ያጋባኛል።

የረቂቅ ወረቀት

አያጋባህ፤ ጎዶሎነቱ ለ2 ስላለመካፈሉ ነው፤ ጉድለታምነቱ አካፋዮቹ ተደምረው ስላልሞሉት ነው። ተጋማሽ ሆኖ ጉድለታም የሆነ ሞልቷል፤ 8ን ተመልከት፤ 1+2+4 = 7።

ዝርዝርህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ጎድሎታል። ቁጥሩ 65536² + 1² መሆኑ ግልጽ ነው። ግን በሌላ መንገድም የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር ነው፦ 62264² + 20448²። አንድ ጎዶሎ ብቸኛ ቁጥር ደግሞ በሁለት የተለያዩ መንገዶች እንዲህ ሊጻፍ ከቶ አይችልም። ስለዚህ 641ን ሳናይ ውህድ መሆኑን እናውቃለን።

ተጠራጣሪ

የመጨረሻ አሃዞቹን ብቻ ልመልከት። 62264² በ6 ይጨርሳል። 20448² በ4 ይጨርሳል። ድምራቸው በ0 ይጨርሳል። የእኛ ቁጥር የሚጨርሰው በ7 ነው።

የረቂቅ ወረቀት

ይቅርታ፣ 20449 ነው። 3876805696 + 418161601 = 4294967297። ዓይንዎ አይሳሳትም።

ካፈርኩ አይቀር ከየት እንደመጣ ልናገር። 641 = 25² + 4² ነው፤ 6700417 = 2556² + 409² ነው። የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር የሆኑ ቁጥሮች ሲባዙ ውጤቱ በሁለት መንገድ ይከፈታል። 25 × 2556 = 63900፤ 4 × 409 = 1636። ሲደመሩ 65536፣ ሲቀናነሱ 62264። 25 × 409 = 10225፤ 4 × 2556 = 10224። ሲቀናነሱ 1፣ ሲደመሩ 20449። 10225 እና 10224 ጎን ለጎን ተቀምጠው ልዩነታቸው ያችን 1 ስትሰጥ ሳይ በእውነት ተገርሜአለሁ።

ማስመሪያና ኮምፓስ

ዘግይቼ ደረስኩ። በሁለት የሚያንሰውን ጎረቤቱን ማንም አላነሣም። 4294967295 = 3 × 5 × 17 × 257 × 65537። ከሰልፉ ቀድመው ያሉት አምስቱ ሁሉ ተባዝተው 2 ሲደመርባቸው የእኛን ቁጥር ይሰጣሉ። የሰልፉ አባላት የጋራ አካፋይ የሌላቸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቢኖራቸው ኖሮ 2ን ማካፈል በነበረበት፤ ሁሉም ግን ጎዶሎዎች ናቸው።

ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ ገና 18 ዓመቱ ሳለ በ1796 ባለ 17 ጎን እኩል ጎናዊ ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አገኘ። ጎዶሎ የጎን ብዛት ያለው ቅርጽ የሚሠራው ብዛቱ ከፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች አንዱ ወይም የተለያዩት ሲባዙ የሚሰጡት ቁጥር ሲሆን ነው፤ ከዚያ ውጭ እንደማይቻል ፒየር ቫንትዜል በ1837 አረጋገጠ። የታወቁት የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች አምስቱ ብቻ ስለሆኑ፣ ሊሠራ እንደሚችል ከሚታወቀው ጎዶሎ ብዛት ትልቁ 4294967295 ነው። ሁለት ጎን ብትጨምርበት አይሠራም። ለዓይን ሁለቱም ክብ ይመስላሉ።

ተጠራጣሪ

እኔን የሚያስገርመኝ ፌርማ ነው። ሕጉን ያገኘው እርሱ፤ በሕጉ ሊፈትነው ይችል የነበረውም እርሱ። በ2 መፈተን ዋጋ የለውም ካላችሁ በ3 ለምን አልሞከረም?

ጡረተኛው መምህር

ሞክሮ ቢሆን ይወድቅለት ነበር። 3ን በ4294967296 ርቢ አንሥተው ለቁጥሩ ሲያካፍሉ ቀሪው 3029026160 ነው፤ 1 አይደለም። ሥራው 3ን ሠላሳ ሁለት ጊዜ ዳግም ርቢ ማድረግ፣ በየመሐሉም ማካፈል ነው። አሰልቺ ነው፤ ለፌርማ ግን የማይቻል አልነበረም። በ1877 ፔፓን ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ለሰልፉ ቁርጥ ያለ ፈተና አወጣ፦ ከመጨረሻው በፊት ባለው እርምጃ (ለእኛ ቁጥር ሠላሳ አንደኛው) ላይ −1 ከመጣ ብቸኛ ነው፤ ካልመጣ ውህድ ነው። ለእኛ የሚመጣው 10324303 ነው።

አሽሙሩ ግን ሌላ ነው። ፌርማ ትልልቅ ቁጥሮችን የሚከፋፍልበት የራሱ ዘዴ ነበረው፤ ቁጥሩን የሁለት ዳግም ርቢዎች ልዩነት አድርጎ መፈለግ። ዘዴው ሁለቱ አካፋዮች ተቀራራቢ ሲሆኑ ይበራል። የእኛ ቁጥር 3350529² − 3349888² ነው፤ ፍለጋው የሚጀምረው ከ65537 ነው። ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሙከራ! አንዱ አካፋይ ድንክ፣ ሌላው ግዙፍ በመሆኑ ለፌርማ መሣሪያ የማይመች ቁጥር ነበር።

ሳልረሳው፣ ዜራ ኮልበርን የሚባል አሜሪካዊ ልጅ በ1812 ለንደን ውስጥ ይህ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ዕድሜው ስምንት ገደማ ሳለ፣ 641ን ያለ ወረቀት እንዳገኘው ይነገራል። እንዴት እንዳሰበው ማወቅ እፈልግ ነበር።

ጀማሪ አስሊ

ፈተናውን ከ2 ወደ 3 ቀየርኩት፤ «ውህድ» አለ። ከዚያ የሰልፉን ቀጣይ ሰጠሁት፤ 18446744073709551617። በ64 ቢት ሣጥን ውስጥ እንደገና «ቁጥሩ 1 ነው» አለኝ። ሳቅሁ። አሁን ሣጥኑን አስፍቼ ከ3 ጀምሮ ጎዶሎዎቹን ሁሉ እንዲሞክር ለቅቄዋለሁ። ማንም መልሱን እንዳይነግረኝ አደራ።

ጡረተኛው መምህር

አልነግርህም። ፎርቱኔ ላንድሪ የሚባል ፈረንሳዊ በ1880 በ82 ዓመቱ በእጁ ፈቶታል፤ አንተ ገና ነህ። ከአምስተኛው እስከ ሠላሳ ሁለተኛው ድረስ ሰልፉ ሁሉ ውህድ መሆኑ ተረጋግጧል፤ 20ኛውና 24ኛው ግን እስከ ዛሬ አንድም አካፋይ አልተገኘላቸውም። የአንተው እንደ እነርሱ አይደለም፤ አይዞህ። ብቻ ከላይ ስለ 64 እና ስለ 128 የተባለውን ደግመህ አንብበውና ጎዶሎዎቹን ሁሉ አታስፈትሽ።

ጀማሪ አስሊ

አነበብኩት። ለሰልፉ ቀጣይ 128 እጥፍ ስለሚሆን፣ ፕሮግራሙን አቁሜ በ256 እየዘለለ እንዲሄድ አደረግሁት። በ1071ኛው እርምጃ ቆመ፦ 274177።